ፒያኖና ትዝታ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፒያኖ ኖታ ተማርሁ። የአዝማሪን ዜማ በፒያኖ መምታት ግን አፍር ነበር። ለዕረፍት ወደ ሳንጃ ስመለስ አባቴ፣ «ልጄ፣ ፒያኖ ለሰሊጥ አጨዳ ምን ይረባል?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

መልሱን ከጃዝ አገኘሁት። በ1943 እ.ኤ.አ. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምረው፣ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከአሥራ ሁለቱ የምዕራብ ድምፆች ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝን መሠረቱ። እኔም ሞከርሁ። በፒያኖው ላይ ጎን ለጎን ካሉት ሦስት ጥቁር ቁልፎች ከመጀመሪያው ተነሥተን ጥቁሮቹን ብቻ በተራ ብንመታ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ይገኛል። ግራ እጄ አንዱን ሐረግ እንደ ከበሮ ይደጋግማል፤ ቀኝ እጄ እንደ መሰንቆ ያዜማል። ሆኖም ከሥሩ ድምፅ ባበዛሁ ቁጥር ትዝታው ጠፋብኝ፤ ስቀንስ ተመለሰልኝ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ በዚህ አዳራሽ ሲሰሙኝ፣ «ይህንንስ አውቀዋለሁ» አሉ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አዲስ ጥበብ ስንማር በቤታችን ዜማ አንፈር።