ባለ ሁለት ምት ሞተርና አየሩ፤ ብሎወር ወይስ ቱርቦ?



ሩትስ ብሎወርና ቱርቦ ዘወትር እንደ ተፎካካሪ ተቆጥረው «የትኛው ይበልጣል?» ይባላል። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ጥያቄው አግባብ አለው። በባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር ላይ ግን መልኩን ይለውጣል፤ በዚያ አየር ማቅረብ ኃይል መጨመሪያ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ መተንፈሻ ነውና።

ባለ አራት ምት ሞተር የተቃጠለውን ጋዝ በፒስተኑ ገፍቶ ያስወጣል፤ አዲሱንም አየር ስቦ ያስገባል። ባለ ሁለት ምቱ ለዚህ የተለየ ምት የለውም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲቃረብ የጭስ መውጫው ይከፈታል፤ ቀጥሎም የአየር ቀዳዳዎቹ ይገለጣሉ። ንጹሑ አየር በዚያች አጭር ጊዜ ጭሱን ጠርጎ ቦታውን እንዲይዝ የመግቢያው ግፊት ከመውጫው መብለጥ አለበት።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች፣ ይኸውም 71 እና የባቡሩ 567፣ ይህን በሩትስ ብሎወር ፈጸሙት። ብሎወሩ በጥርስ ከክራንክሻፍቱ ጋር ስለሚያያዝ ሞተሩ መዞር እንደ ጀመረ አየር ያቀርባል። ዋጋው ግን ከክራንክሻፍቱ የሚወሰደው ጉልበት ነው፤ የጭሱም ሙቀት በከንቱ ይባክናል።

ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ያገኘበት ሐሳብ ይህንኑ የባከነ ኃይል ወደ ሥራ ይመልሳል። ሆኖም ተርባይኑ ብዙና ትኩስ ጭስ ይሻል። አየር ከሌለ ቃጠሎ የለም፤ ቃጠሎ ከሌለም ጭስ የለም። ስለዚህ ቱርቦ ብቻውን ባለ ሁለት ምት ሞተርን ማስነሣት አይችልም።

መሐንዲሶች ለዚህ ሦስት መፍትሔ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 ቱርቦ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ይዛ ከተነሣችው ከዶርቴ ሜርስክ ወዲህ በተስፋፉት ታላላቅ የመርከብ ሞተሮች ላይ፣ ጭነት ሲያንስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ረዳት ብሎወር ያግዛል። በዲትሮይት ሞተሮች ቱርቦው አየሩን ለሩትስ ብሎወር ያቀብላል። በኤሌክትሮ-ሞቲቭ የባቡር ሞተሮች ደግሞ ቱርቦው መጀመሪያ በጥርስ ይነዳል፤ ጭሱ ከጥርሱ በላይ ሲያፈጥነው ፍሪሲዮኑ ይለቀዋል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ባለ 16 ሲሊንደሩ 645 ሞተር በሩትስ ብሎወር 2,000፣ በቱርቦ 3,000 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሲሊንደሩ አልሰፋም፤ አየሩ ጨመረ፤ ከአየሩ ጋርም ናፍጣው። ይህ ሆኖ ሳለ ለጥገና ቀላል የሆነው ብሎወር በዝግታና በመቆራረጥ ለሚሠራ ሎኮሞቲቭ ተመራጭነቱን አላጣም።

ለአገራችን ደጋ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሩትስ ብሎወር በአንድ ዙር የሚያሳልፈው ይዘት ስለማይለወጥ የሚያደርሰው አየር በክብደት ያንሳል፤ የናፍጣው መጠን ካልተቀነሰ ጥቁር ጭስና ከልክ ያለፈ ሙቀት ይከተላል። ቱርቦ የፍጥነቱ ወሰን እስኪደርስ ድረስ በበለጠ ፍጥነት ዞሮ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል።

እንግዲህ ሞተር የሚመርጥ ባለሙያ አስቀድሞ መመርመር ያለበት በመግለጫው ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ሳይሆን የሥራውን ዓይነት፣ የቦታውን ከፍታና የጥገናውን አቅም ነው። ረጅም ጊዜ በሙሉ ጭነት በደጋ ለሚሠራ ቱርቦ ይገባዋል፤ ለአጭርና ለተቆራረጠ ሥራ ብሎወሩ ይበቃል። በሁለቱም ዘንድ የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰነው ናፍጣው ከሚያገኘው አየር ጋር ሲመጣጠን ነው።