የልብ ሕመምተኛ አኗኗር
(ለባሱንዳ ከተማ ሕዝብና ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



«የልብ ሕመም አለብህ» የተባለ ሰው ሞት እንደ ተፈረደበት ሊቈጥረው አይገባም። በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ ሕመም የሚነሣው በወቅቱ ካልታከመ የጕሮሮ ሕመም ነው፤ ከዚያ የሚከተለው ትኵሳት በተመላለሰ ቍጥር የልብን በሮች ይጐዳል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘው፥ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ፥ ሕመምተኛው ደኅና ነኝ በሚልበት ጊዜም እንኳ ሊቋረጥ አይገባውም። ጨው መቀነስ ይጠቅማል፤ ለመውለድ ያሰበች ሕመምተኛም አስቀድማ ሐኪም ታማክር። በሩ እጅግ ቢጐዳም ቀዶ ሕክምና አለ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በካርቱም አጠገብ በሶባ የተከፈተው የሰላም የልብ ማዕከል ብዙዎችን ያለ ክፍያ አክሟል።

እናንተም አሠሪዎች፥ የሰሊጥ አጨዳ ቢያጣድፍም ለሕመምተኛው የመርፌውን ቀን ፍቀዱለት። አንድ ቀን የነፈገ፥ ሠራተኛውን ለዘለዓለም ሊያጣው ይችላልና።