ለባሏ የተወችው አደራ

በአባላት ስብሰባ ላይ ከንባብ ቡድናችን የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናነሳላችሁ ገጣሚ አን ብራድስትሪት ትባላለች። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራቸዋለን። በ1612 እንግሊዝ አገር ተወለደች፤ በ16 ዓመቷ ገደማ ሳይመን ብራድስትሪትን አገባች፤ በ1630 ከባሏና ከወላጆቿ ጋር በመርከብ ውቅያኖስ ተሻግራ ማሳቹሴትስ ገባች። ወገኖቿ ፒዩሪታን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ሰው ከፈጣሪው አስበልጦ ፍጡርን እንዳይወድ አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። የአን ጭንቅ እዚህ ላይ ነው፤ ባሏን ከልክ በላይ ትወደው ነበርና።

ሳይመን በመንግሥት ሥራ ከቤት ይርቃል። እሷም ፀሐይዋ እሱ እንደሆነ፣ ሲሄድ ብርድ እንደሚይዛት ትጽፍለታለች። ጨዋ ሴት እንዲህ በግልጽ ትጽፋለች ብለን አልጠበቅንም ነበር።

ይበልጥ ያቆየን ግን ከመውለዷ በፊት ለባሏ የጻፈችው ግጥም ነው። ስምንት ልጆች ወልዳለች። በዚያ ዘመን ምጥ የተያዘች ሴት ትነሳ አትነሳ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ግጥሙ ኑዛዜ ነው። ብሞት ጥፋቴን ከእኔ ጋር ቅበረው፣ ደግ ነገር ካለኝ እሱን አስታውስ ትለዋለች። ቀጥላ ልጆቹን አደራ ትላለች፤ እንጀራ እናት እንዳትጎዳብኝ። እንደገና ማግባቱ እንደማይቀር ታውቃለች፣ አትከለክለውምም። የምትለምነው ለልጆቹና ለዚያች ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቷን ስለ ፍቅራችን ሳማት ትለዋለች። ይህ ሲነበብ ከመካከላችን አንዳንዶች ዝም አሉ። ወደ ማዋለጃ ክፍል ስንገባ እኛም ለእህት ወይም ለእናት በጆሮ የነገርነው አደራ አለና።

መጽሐፏ በ1650 ለንደን ላይ ታተመ። ጽሑፏን ይዞ የሄደው የእህቷ ባል ነው፤ እሷ አላወቀችም። ቅር እንዳላት በኋላ ጽፋለች፤ መጽሐፉን ቡትቶ ለብሶ አደባባይ ከወጣ ልጅ ጋር አመሳስላዋለች። የምንወዳቸው የቤት ግጥሞች ግን እዚያ ውስጥ የሉም።

በሐምሌ 1666 አንዶቨር ያለው ቤቷ በሌሊት ተቃጠለ። ስትጽፍ መጀመሪያ የኢዮብን ቃል ትይዛለች፤ የሰጠው ወሰደ፣ የእርሱ ነበር ትላለች። ሃይማኖቷ የሚጠይቃትን ብላለችና እዚያው ማብቃት ትችል ነበር። ነገር ግን በፍርስራሹ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗ እምቢ ይላታል። እዚህ እቀመጥ ነበር፣ እዚያ ሳጥኔ ነበረ፤ ከእንግዲህ ማዕዱን የሚቀርብ እንግዳ የለም። ከዚያ ራሷን ትገሥጻለች፤ ሀብትሽ ምድር ላይ ነበር ወይ ብላ በሰማይ ወዳለው ቤት ታሻግራታለች።

የልጅ ልጆቿም በተከታታይ ሞቱ፤ ኤልዛቤት በ1665 ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት፣ ሁለቱ ደግሞ በ1669። ለኤልዛቤት ስትጽፍ የበሰለ ፍሬ መውደቁ የተፈጥሮ ነው፣ አዲስ ችግኝ መነቀሉ ግን የእግዚአብሔር እጅ ብቻ ነው ትላለች። እምነት ነው ወይስ ስሞታ? ቡድናችን ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን ፈጽማ እጅ ሰጥታለች አልን። የቀረነው ደግሞ፣ እጅ የሰጠ ሰው የሳጥኑን ቦታ እንዲህ አይቆጥርም አልን። ልጅ የቀበሩት እህቶቻችን ግን ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ይኖራል ብለው ክርክሩን አቆሙት።

አን በ1672 አረፈች። ለባሏ የጻፈቻቸው ግጥሞች በ1678 ቦስተን ላይ ታተሙ፤ የተቃጠለው ቤት ግጥም ግን ለሕትመት የበቃው በ1867 ነው። እስከዚያ ድረስ በቤተሰቡ እጅ ተጽፎ ኖሯል። እናንተም በደብተር ጽፋችሁ ሣጥን ውስጥ የከተታችሁት ካለ፣ ለሚቀጥለው ንባባችን ይዛችሁት ኑ፤ ስም መጥራት ግዴታ አይደለም።