ሙቀትን እስከ መታጠቢያ ቤት ማድረስ



አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ ፍልውሃው ነበር። እዚያ የምድሩ ሙቀት ከገላ አቅም በላይ ስለሆነ የባለሙያው ሥራ ውሃውን ማብረድ ነው። በመኖሪያ ቤቶቻችን ግን ችግሩ ሙቀቱን ማድረስ ነው።

የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቧንቧ 3.5 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ማሞቂያው ከመታጠቢያ ክፍሉ ይህን ያህል ከራቀ፣ ሙቁ ውሃ እስኪደርስ በመንገድ የቀዘቀዘው ሁሉ ይፈስሳል። አምስት ቤተሰብ በተለያየ ሰዓት ቢታጠብ በቀን 17.5 ሊትር ይባክናል፤ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባት ከተማ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ መሸፈን ቅዝቃዜውን ያዘገያል እንጂ ርቀቱን አያሳጥርም።

ካዛንቺስ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ፈርሳ እንደገና በመገንባት ላይ ናት። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቧንቧ ማዛወር ግድግዳ መስበር ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቼም ለሙያ ባልደረቦቼም የማሳስበው አንድ ነገር ነው፦ የማሞቂያው ቦታ ከመታጠቢያ ክፍሉ ጋር በአንድነት፣ ገና በፕላኑ ላይ ይወሰን።