ከኋላ ወንበር የሚያየው መምህር

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ እዚህ ዳንግላ በየትምህርት ቤቱ ፕራክቲከም ስለሚወጡ ዕጩ መምህራን እናወራለን። ይህ የተግባር ልምምድ የስልጠናው እምብርት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ነው።

አቅራቢ 2፦ መልካም ሐሳብ ነበር። አንዳንድ አማካሪ መምህር ግን ክፍሉን ለዕጩው ያስረክብና ወደ መምህራን ማረፊያ ይሄዳል። ይህ ማማከር አይደለም።

አቅራቢ 1፦ ደክሞት ይሆናላ! ክፍለ ጊዜ ካልተቀነሰለት መቼ ይምከር?

አቅራቢ 2፦ ልክ ነሽ። ቢሆንም ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል፦ ዕጩው ፊቱን ለሰሌዳው ሰጥቶ ሲያስረዳ፣ እጅ የሚያወጡት የፊት ረድፍ ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ በአማርኛ ተጠይቃ ዝም ያለች ሕፃን በአዊኛ ስትጠየቅ አፏ ሲፈታ። እዚህ አካባቢ ለሚያስተምር፣ ይህ በመጨረሻ የጠቀስኩት ትልቅ ትምህርት ነው፤ የሚያውቀውም ነባሩ መምህር ነው።

አቅራቢ 1፦ ተማሪ ፊት ግን አያርመው። አንዴ «ተወው፣ እኔ ላስረዳቸው» ከተባለ፣ ክፍሉ ዳግመኛ አይሰማውም።

አቅራቢ 2፦ ከደወል በኋላ፣ የምዘና ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ይንገረው። ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ለአማካሪዎቹ ክፍለ ጊዜ ቀንሱላቸው፤ አደራ!