ዲ.ዲ.ቲ. ከግድግዳው ወርዶ ወዴት ሄደ?



የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ አርብ ገበያ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ ደገኛውና ቆለኛው በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙበት ቦታ ነው። ወረዳው ከደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚያሽቆለቁል አገር ስለሆነ ብርዱም ሙቀቱም ተቀራርበው ይገኙበታል፤ ገበያው ላይ የሚቀርበው ቅቤም እንዲሁ የደጋም የቆላም ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ሳይፈራርሱ ለብዙ ዘመን የሚቆዩ በካይ ኦርጋኒክ ኬሚካሎችን በሰውና በአካባቢ ውስጥ እየደጋገሙ መለካት ሲሆን፣ የቅቤው ነገር በቦታው ይነሣል። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዲ.ዲ.ቲ.ን ዛሬ ላይ ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፋት አገልግሎት ሲቋቋም ዋናው መሣሪያ ይኸው ዱቄት ነበር፤ በውሃ እየተበጠበጠ በየጎጆው ግድግዳ ላይ የተረጨው ሰው ለማዳን ነው፣ አድኗልም። ርጭቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ትንኟ መድኃኒቱን እየተላመደችው ስለ ሄደች፣ በ2009 ገደማ በሌሎች መድኃኒቶች መተካት ጀመረ።

መሐንዲስ ግን ሒሳቡን ማስላት አይተውም። የርጭቱ መጠን በካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም ነው። ግድግዳውና የጣሪያው ውስጥ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን ጎጆ በአንድ ርጭት 120 ግራም ይቀበላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለ20 ዓመት ቢረጭ 2.4 ኪሎ ግራም ይሆናል። ባለቤቱ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ደግሞ ሲመርገው መድኃኒቱ ከምርጉ ሥር ይቀራል፤ ቤቱ ሲፈርስም ከአፈሩ ጋር ወደ ጓሮ ይሄዳል። በአፈር ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ፣ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ጠባይ፣ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ለወባ ተብሎ መጥቶ ወደ ጫት ማሳና ወደ ጎተራ የሾለከው ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

እንግዲህ የተረጨው ሁሉ ወዴት ሄደ? መልሱን ለመፈለግ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጅማ አካባቢ መሻገር ያስፈልጋል። በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች በእናቶችና በላሞች ወተት ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት፣ በእናት ወተት ውስጥ በአንድ ግራም ስብ በአማካይ 12.68 ማይክሮግራም፣ በላም ወተት ውስጥ 0.389 ማይክሮግራም ጠቅላላ ዲ.ዲ.ቲ. አግኝቷል። ጡት የሚጠባ ሕፃን በቀን የሚወስደው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ 62.17 ማይክሮግራም እንደሚደርስ ተሰልቷል፤ ይህም ጥናቱ ከተመዘነበት የ20 ማይክሮግራም ወሰን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የላሟና የእናቲቱ ልዩነት የሚያስገርም አይደለም፤ ዲ.ዲ.ቲ. በስብ ውስጥ ተከማችቶ ከሣር ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው እየበዛ ይሄዳል፣ በተረጨ ቤት የምታድረውም እናቲቱ ናት።

ከዚህ ጥናት ይበልጥ ለመሐንዲስ የሚናገረው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ሰውነትም አፈርም ዲ.ዲ.ቲ.ን ቀስ በቀስ ዲ.ዲ.ኢ. ወደሚባል ውላጅ ይለውጡታል። ከውላጁ ጋር ሲነጻጸር ያልተለወጠው ብዙ ከሆነ መድኃኒቱ በቅርብ ጊዜ የገባ ነው፤ ጥቂት ከሆነ ያረጀ ነው። በሦስቱ ከተሞች አማካይ ንጽጽሩ 0.57 ነበር፤ ይኸውም ለ100 እጅ ዲ.ዲ.ኢ. 57 እጅ ያልተለወጠ ዲ.ዲ.ቲ. ነበረ ማለት ነው፣ ከአዲስ ርጭት ብዙም ያልራቀ ምልክት። ይህ ንጽጽር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያገለግላል። ነገር ግን ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ጊዜው እየሄደ መሆኑ አይታወቅም፤ ወደ እነዚያው ከተሞች በዚያው ዘዴ መመለስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እየደጋገሙ መለካት ምን እንደሚያስገኝ ስዊድን ታሳያለች። በስቶክሆልም ከ1972 እስከ 1997 የተሰበሰበው የእናት ወተት ዲ.ዲ.ቲ. ከታገደ በኋላ በየ4 ዓመቱ ያህል በግማሽ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ናሙናው በበረዶ ተጠብቆ ስለ ነበር፣ ኋላ ተመራማሪዎች የእሳት መከላከያ ተብለው በፕላስቲክና በጨርቅ የሚጨመሩትን የብሮሚን ውሁዶች ሲፈልጉበት፣ እነዚህ በየ5 ዓመቱ እጥፍ ሆነው ሲያድጉ መኖራቸውን ማግኘታቸው ነው። ወተቱ ሲሰበሰብ ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ኢትዮጵያ በ2003 ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስምምነቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚፈተነው በአየርና በእናት ወተት ወይም በደም በሚደረግ ተከታታይ ልኬት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሥርዓት የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱ ቢያንስ 50 እናቶች የተወሰደ ወተት በእኩል መጠን ተቀላቅሎ እንዲለካ ያዝዛል። የመጀመሪያ ልጅ የተባለበትም ምክንያት እናት ባጠባች ቁጥር ከሰውነቷ ክምችት ስለሚቀንስ ነው፤ ያም የቀነሰው ወደ ልጁ ሄዶ ነው። ይሁንና ቅልቅሉ የአገርን አማካይ ይነግራል እንጂ የትኛው ሸለቆ፣ የትኛው ተዳፋት የሚለውን አይነግርም።

አርብ ገበያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዲ.ዲ.ቲ. በሙቀት ይተናል፣ በብርድ ይረጋል፤ በዓለም ከፍተኛ ተራሮች ላይ የተገኘው ከሞቃት ዝቅተኛ ቦታ በአየር ተጉዞ ነው። ስለዚህ ቤቷ ተረጭቶ የማያውቅ የደጋ እናት ከበሽሎ ቆላ የወጣውን ትቀበል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም፤ በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል የተያዘ የስፖንጅ ክብ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ሦስት ወር ሲቆይ በአየር ውስጥ ያለውን በራሱ ይሰበስባል። አንዱ በቆላ፣ አንዱ በደጋ ተሰቅሎ፣ ቦታው ሳይለወጥ አሥር ዓመት ቢለካ ከብዙ ውድ ዘመቻ ይበልጣል።

ሁለተኛው መሰብሰቢያ ገበያው ራሱ ነው። በ2001 የታተመ ጥናት ከ23 አገሮች ቅቤ ሰብስቦ የእነዚህን ኬሚካሎች ስርጭት አነጻጽሯል፤ ላሟ የበላችው ሣር አየሩን ስለሚይዝ ቅቤው የግጦሹ መዝገብ ነውና። ሻጯን ከየት ቀበሌ እንደ መጣች በትሕትና ጠይቆ፣ ቅቤውን በመስታወት ዕቃ አድርጎ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር መግዛት ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ ጋር ባዶ ዕቃ ተከፍቶ ተዘግቶ አብሮ ካልተለካ ግን፣ የተገኘው ከቅቤው ይሁን ከዕቃው ወይም ከሠራተኛው እጅ መለየት አይቻልም። ከናሙናውም ግማሹ ሳይነካ በበረዶ መቀመጥ ይኖርበታል፤ የመብራቱ ነገር የሚታወቅ ነውና የተጠባባቂ ጄኔሬተሩ ነዳጅ በበጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ።

የእናት ወተት ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ቁጥሩ ያለ ማብራሪያ ከወጣ አንዲት እናት ጡት ነሥታ በወንዝ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ልትሰጥ ትችላለች፤ ይህ ደግሞ ሕፃኑን ዲ.ዲ.ቲ. ከሚጎዳው አስቀድሞ ይጎዳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ማጥባት እንዲቀጥል የሚመክረው ይህን መዝኖ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት፣ ውጤቱን ለእናቶቹ በአማርኛ ቀርቦ የሚያስረዳው የጤና ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ጤና ጣቢያና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚነግራቸው በውሉ ላይ ተጽፎ ይፈረም።