ካምቢዮው ወይስ ጎማው? በበረዶ ወራት ስለ መንዳት

(በስቶክሆልም በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በትምህርት ክፍላችን የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓመት በስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። «መንጃ ፈቃድ ልጀምር ነው፤ በማንዋል ልማር ወይስ በአውቶማቲክ? በበረዶስ ጊዜ የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። የትምህርት ክፍላችን በዚህ ላይ የደረስንበትን ዛሬ እናካፍላችኋለን።

ጉዳዩ ለእኛ ተራ የመኪና ወሬ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሠራው በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በጽዳትና በምግብ ቤት ነው። የጠዋት ፈረቃ በጨለማ ይገባል፤ የማታው ደግሞ አውቶቡስ ከሳሳ በኋላ ይወጣል። ከቤት ቤት እየዞሩ አረጋውያንን መርዳት ብዙ ቦታ መንዳትን ይጠይቃል። መንጃ ፈቃድ የሌላት እህታችን ማስታወቂያውን አንብባ ሳታመለክት ትተወዋለች። ልጅ ሲታመምባት ደግሞ «ማን ያደርሰኝ ይሆን» እያለች ስልክ ትደውላለች። ስለዚህ ምርጫው የእንጀራም የነፃነትም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው መንጃ ፈቃድ እዚህ የሚያገለግለው በስዊድን ነዋሪነት ከተመዘገብን በኋላ ለ1 ዓመት ብቻ ነው። በስዊድን መንጃ ፈቃድም አይቀየርም። አገር ቤት 20 ዓመት የነዳችም ብትሆን እንደ ጀማሪ የጽሑፉንና የመንዳቱን ፈተና ማለፍ አለባት። የመንዳት ፈተናውን በአውቶማቲክ መኪና ላለፈች ሴት መንጃ ፈቃዷ ላይ 78 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ማንዋል መኪና መንዳት አትችልም ማለት ነው። በማንዋል ያለፈችው ግን ሁለቱንም ትነዳለች። 78 የተጻፈባት ኋላ ማንዋል መንዳት ብትፈልግ በማንዋል መኪና እንደገና ትፈተናለች።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። «በረዶ ላይ ማንዋል ነው እንጂ» የሚሉ አሉ። አባባሉ መሠረት አለው። በማንዋል በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መነሣት ስለሚቻል ጎማው ባለበት አይሽከረከርም። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። መኪናው መንሸራተት ሲጀምርም ፍሪሲዮን ከተረገጠ ጎማዎቹ ከሞተሩ ተላቀው በነፃ ይዞራሉ፤ መንገዱንም መልሰው መያዝ ይችላሉ። ነገር ግን ይኸው ፍሪሲዮን በችኮላ ሲለቀቅ ጎጂ ነው። ማርሽ ቀንሰን ፍሪሲዮኑን በድንገት ብንለቅ ጎማዎቹ ፍሬን እንደ ተያዘባቸው ሆነው መኪናውን ያንሸራትቱታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በረዶ ላይ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም።

አውቶማቲክ ደግሞ ሐሳብን ይሰበስባል። ሁለት እጅ መሪ ላይ፣ ዐይን መንገድ ላይ ይሆናል። ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ለጀማሪ ይቀላል። አንዳንዶቹ መኪኖች የበረዶ ምልክት ያለበት ቁልፍ አላቸው፤ ሲጫኑት መኪናው በለስላሳው ይነሣል። ጉድለቱም አለ። ብዙዎቹ አውቶማቲክ መኪኖች እግራችንን ከነዳጅ ላይ ብናነሣም በዝግታ መሄዳቸውን አይተዉም። ስለዚህ ወደ እግረኛ መሻገሪያ ስንቃረብ ከሩቁ ጀምረን ፍሬኑን በቀስታ መያዝ አለብን። የኤሌክትሪክ መኪናም በመንጃ ፈቃድ ረገድ እንደ አውቶማቲክ ነው የሚታየው። አብዛኛው እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ራሱን ያቀዘቅዛል። ይህ ማቀዝቀዝ ጠንከር ያለ ከሆነ በረዶ ላይ ሊያንሸራትት ስለሚችል፣ መቀነስ የሚቻልበት መኪና ከሆነ መቀነሱ ይበጃል።

እንግዲህ እህቶች፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮ መኪናን ለማስነሣት ይረዳል፤ በረዶ ላይ መኪናን የሚያቆመው ግን ጎማው፣ ፍጥነታችንና ከፊታችን ካለው መኪና የተውነው ርቀት ነው። ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝን በኋላ የሚያስፈልገን ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። ይህ ለማንዋልም ለአውቶማቲክም አንድ ነው።

የስዊድን ሕግም የሚጠይቀን ስለ ጎማው ነው። ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ መንገዱ የበረዶ ወቅት መንገድ ከሆነ የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። የጎማው ጥርስ ጥልቀትም ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ስለ ካምቢዮው ከመከራከራችሁ በፊት «የበረዶ ጎማው አብሮ አለ ወይ? ጥርሱ ምን ያህል ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም እንጨምር። ፍሬን በኃይል ስትረግጡ እግራችሁ ሥር ቢንቀጠቀጥባችሁ አትደንግጡ፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው መሣሪያ ሥራውን እየሠራ ነው። ፍሬኑን ሳትለቁ መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ያዙ። የብርድ መለኪያው ዜሮ አካባቢ ሲሆን ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እየቀለጠ የሚረጋው በረዶ እጅግ ያዳልጣል። ድልድይ ደግሞ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

ፍርሃት ለያዛችሁም የምንለው አለን። ከመንዳት ፈተናው በፊት በሚያንሸራትት ሜዳ ላይ መሠልጠን እዚህ ግዴታ ነው። ስለዚህ መንሸራተትን መጀመሪያ የምታዩት ብቻችሁን በጨለማ ሳይሆን አሠልጣኝ ባለበት ነው።

ታዲያ ምን እንምረጥ? አገር ቤት ማንዋል የነዳች፣ ወይም ልትሠራበት ያሰበችው ቦታ ማንዋል መኪና ያለው እህት በማንዋል ትማር፤ በሯ ሰፊ ይሆናል። መሪ ጨብጣ የማታውቅ፣ ፍሪሲዮኑ ወራትና ገንዘብ የሚበላባት፣ የሥራ ቦታዋም አውቶማቲክ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠቀም እህት በአውቶማቲክ ትማር፤ ቶሎ ትነሣ። «አውቶማቲክ የሰነፍ ነው» ለሚላት ጆሮ አትስጥ። ያ ሰው ሌሊት ከፈረቃ አይመልሳትም። ሁለቱም ግን በትምህርቱ ክፍያ ላይ የበረዶ ጎማ ዋጋ ደምረው ያቅዱ።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አለን። ለድግስና ለሐዘን እንደምንረዳዳው ሁሉ ለበረዶ ጎማም አነስተኛ ዕቁብ ብንጀምር፣ ዕጣው ከበረዶው በፊት እንዲያልቅ አድርገን፣ በመኸሩ ማንም እህታችን በበጋ ጎማ አትወጣም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋግረን እንወስን።

 በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።